ርክክብ

የነሐሴ ሌሊት፣ ደብረ ማርቆስ ዝናብ፣
ቆርቆሮው ሲቆጥር፣ ቆጣሪው ሲያነብ፤
አንሙት በወረንጦ ከእርሳስ ቤቷ አንሥቶ
አኖራት ከማግኔቱ አፍ፣ ትንፋሹን ገትቶ።

የሸሚዝ አዝራር ታክላለች፤ ስትሮንሺየም ዘጠና።
ከሌላ ቤት በውርስ ነው የመጣች፣
እኔ በተወለድኩበት ዓመት ተሠራች፤
ሃያ ዘጠኝ ዓመት፤ ግማሿ አልቋል፣ ግማሿ አለች።
በግማሽ በግማሽ የምትሞትን ነገር
አንሙት የሚባል ሰው ይጠብቃታል፤
ይህን ስነግረው፣ ሃያ ጊዜ ሰምቶት፣ አሁንም ይስቃል።

አስቀድሜ ግን ባዶውን ቆጥሬ ነበር።
ምንጩ ሳይኖር፣ ሣጥኑ ተዘግቶ፣
በአምስት ደቂቃ ሠላሳ አንድ፦
ከግድግዳው ድንጋይ፣ ከሰማይ፣ ከገዛ አጥንቴ።
ለካ ባዶ ቤትም ዝም አይልም።

ከዚያ ማግኔቱን በእርከን በእርከን አበረታለሁ፣
በየእርከኑ አምስት ደቂቃ እጠብቃለሁ፤
ቀርፋፋው ቶሎ ይታጠፋል፣ ፈጣኑ ሰፊ ዞሮ ይመጣል፣
በጠባቧ ቀዳዳ ልኩ የሆነው ብቻ ይገባል።
እናቲቱ ፈርሳ ልጅ ትወልዳለች፣ ኢትሪየም፤
ልጅቱም ትፈርሳለች፤ የልጅቱ ጉልበት ከእናቲቱ ይርቃል።

ግራ የሚያጋባው ይህ ነው፦
የልጅቱ ልጆች ከአንድ ጎተራ እኩል ተሰፍሮላቸው ወጡ፤
አንዱ ሲሶ፣ አንዱ እርቦ፣ አንዱ ጭብጥ ይዘው መጡ።

አባቴ ቡሬ ላይ የማኅበሩን መጋዘን ይጠብቅ ነበር፤
በኅዳር እርጥብ በቆሎ ተረክቦ፣ በሰኔ ደረቁን የሚሰፍር።
የርክክብ ቀን ኮሚቴው መጣ፤ ሚዛን ተተከለ፤
አሥራ ሁለት ኩንታል ጎደለ።
«ማን ወሰደው?»
«ማንም።»
«በሩስ?»
«ቁልፉ ይኸው።»
«ታዲያ የት ገባ?»
«እኔ እንጃ። ነፋስ ይሆናል። ፀሐይ ይሆናል።»
ሳቁበት።
ዳልቻውን በሬ ሸጦ ከፈለ፤
ከዚያ ወዲህ እህል ሲሰፈር ካየ መንገድ ቀይሮ ይሄዳል።

የሄደው ውኃ ነበር። ውኃ ብቻ።
አሥራ አንደኛ ክፍል ገብቶኝ ልነግረው በሩጫ መጣሁ፤
አጥር ያጠብቅ ነበር፣ ቀና አላለም፤
«ተይው» አለኝ፤ «በሬው አይመለስ።»

በዚህችው ጉድለት ፊት ሊቃውንትም ቆመው ነበር አሉ።
አንዱ፣ ቢቸግረው፣ «ሕጉ ራሱ ባይጠበቅስ?» አለ።
ሌላው «የለም» አለ፤ «አብሮ የሚወጣ አለ፣
ድርሻውን ተካፍሎ፣ ዱካ ሳይተው የኮበለለ።»
ኒውትሪኖ ሲሉ ስም አወጡለት፤
ቾቄን ከሥር እስከ ራሱ ሲያልፈው
አንዲት ጠጠር አትነቃበትም።
ሌባ ሳይሆን፣ ተካፋይ።

አራት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ።
ቆጣሪው ጸጥ። ዝናቡ ብቻ።
እሷ ግን አላቆመችም፤ ማንም ሳይመዘግብላት
በጨለማው ውስጥ ታወጣ ነበር፤
አንሙት ጄኔሬተሩን እስኪያስነሣ
እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ የማይሰማኝን አዳመጥኩ።

ሊነጋ ሲል ወረቀቱ ላይ ኮረብታ ቆመ፦
ቀጥ ብሎ ወጣ፣ ሰፍቶ ወረደ፣ ወደ ጫፉ ቀጠነ።
የኔ ጉዳይ ጫፉ ላይ ነው።
እዚያ፣ ተካፋዩ ምንም ያልወሰደባቸው፣
ስፍራቸውን ሙሉውን ተሸክመው የሚገቡ አሉ፤ ጥቂት።
ቆጠርኩ፤ ሠላሳ ሦስት።
ባዶውን ስቀንስ፣ ሁለት።

«ገጠመ?» አለ አንሙት፣ ዓይኑን እያሸ።
«ሁለት ናቸው» አልኩት፤ «ጥርጣሬው ግን ስምንት ነው።
ላይኖሩም ይችላሉ።»
«እንዲያው ጻፊዋ» አለ፤ «ደግሞ ነገ ትቆጥሪያለሽ።»

ጻፍኩ። በአንዱ ዓምድ የተገኘውን፣
በአንዱ ጥርጣሬውን፣ በመጨረሻው፦
ከሚዛን ያልደረሰ፣ ያልታየ።

የቡሬው መዝገብ እንዲህ ያለ ዓምድ አልነበረውም።